አሥረኛው ቀለህ

ባዶ ቀለህ ሁሉ ለልጅ ዓይን አንድ ነው። እኔም በፃግብጂ ሳለሁ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ይህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የወጣ፣ አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ ነው። ጥይቱም በአገራችን ገበያ እንደ አሞሌ ጨው በዝርዝር ገንዘብ ፈንታ ያገለገለበት ዘመን ነበረ። ስለዚህ የተተኮሰው ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደ ገና ይተኮሳል።

ለቃሚው እኔ፣ መራጩ አያቴ ነበሩ። እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አቅንተው አፉን ያያሉ፤ ግርጌውን በጥፍራቸው ይዳስሳሉ። ጥይቱ ሲተኮስ ነሐሱ ተለጥጦ ከጠመንጃው ጓዳ ጋር ይጣበቃል፤ እሳቱንም ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይከለክላል። ነገር ግን በተተኮሰ ቁጥር እየደረቀ ሄዶ ኋላ ይሰነጠቃል። ከግርጌው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል።

አንድ ቀን አሥር አምጣ ተባልሁ፤ ያገኘሁት ግን ዘጠኝ ነው። አሥረኛውን እርሳቸው ከጣሉት ክምር አንሥቼ፣ እስኪያብለጨልጭ በአመድ አሽቼ፣ ከደኅናዎቹ ጋር ቀላቀልሁት። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ተንኰል አልመሰለኝም፤ ቍጥር መሙላት ነበር።

አያቴ ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት እርሱኑ ነው፤ ከመጠን በላይ ያብለጨልጭ ነበርና። አልተቈጡም።

«ይህን ማን ይተኵሰው ልጄ?» አሉኝ።

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ጠመንጃውን ይዞ ከብት የሚጠብቀው አባቴ ነበር። መልስ አጣሁ። እርሳቸውም ቀለሁን በድንጋይ ጨፈለቁትና ዘጠኙን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።