መዓዛም ልክ አለው

የክረምቱ ጉም ከአንኮበር ጋራዎች ላይ እየተገፈፈ መሄድ ሲጀምር፣ በጎረቤላ ከዝናቡ ማባራት አስቀድሞ የመስከረምን መምጣት የሚያበሥር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሽታ ነው። ውሃ የጠገበ ምድር ፀሐይ ሲያገኘው የሚተነፍሰው ትንፋሽ፣ ከገደሉ አፋፍ ነፋስ ይዞት የሚመጣው ጦስኝ፣ ከየጓሮው የሚነሣው የጤና አዳምና የአሪቲ መዓዛ ተደባልቀው ወደየቤቱ ይገባሉ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት መፀው ይሉታል፤ ሰፊው ሕዝብ ግን ጸደይ ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ወቅቱ ዐይን አደይን ከማየቱ በፊት አፍንጫ የሚያውቀው ወቅት ነው።

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። የንጉሥ ሳህለ ሥላሴ፣ ኋላም የምኒልክ መናገሻ የነበረው ኮረብታ ቅርቧ ነው። ከሥሯ ያለው አልዩ አምባ ደግሞ ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ዕጣንና ከርቤ የቆላ ዛፎች ሙጫ ናቸው፤ ጦስኝ፣ ጥድና ወይራ የደጋው ሀብቶች ናቸው። በዚህ አፋፍ ላይ ያለ ቤት የሁለቱንም ዓለም መዓዛ ለማግኘት የታደለ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህች ከተማ ዳር፣ ቆርቆሮ በለበሰች ቤት ውስጥ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ልጆቻቸውም እንጀራ ፍለጋ ተበታትነዋል። ባልቴቷ ከእናታቸው የተረከቡት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ጳጉሜን ስትገባ ቤቱን ጠርገው፣ መደቡን ለቅልቀው፣ በርና መስኮቱን ግጥም አድርገው ይዘጉና በገል ፍም ላይ ወይራና ጥንጁት ያጨሳሉ። የጠላው ጋን በዚያው ይታጠናል፤ ጥቂት ቀበርቾም ጣል ይደረግበታል። ጢሱ ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመውን የእርጥበትና የሻጋታ ሽታ ያወጣል፤ ተባዩንም ያባርራል። ከዚያ በኋላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ አደስና አሪቲ ይበተናል፤ በመጨረሻም ዕጣን ይጤሳል። የሰፈሩ ሰው በደጃቸው ሲያልፍ ሽታውን ስቦ፣ «እሳቸው ቤትስ ዐውደ ዓመት ገባ» ይል ነበር።

በአንድ ክረምት ግን ባልቴቷን የያዛቸው ሳል አልለቅ አለ። ማታ ማታ ደረታቸው ይታፈናል፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ያቅታቸዋል። በጤና ጣቢያው ያገኟት ወጣት ባለሙያ ደረታቸውን ካዳመጠች በኋላ፣ «እማማ፣ የሚጎዳዎ ጢሱ ነው። ከእንግዲህ ቤት ዘግተው ማጨሱን ይተዉ» አለቻቸው።

ባልቴቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ የቤቴ ሽታ ከጠፋ እኔስ የማን ቤት ነው የምኖረው?» ሲሉ መለሱላት።

ጥያቄው ከልብ የወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ምክሩም የዋዛ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር መበከል ሳቢያ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል ላይ የሚሠራው የዕለት ተዕለት ምግብ ነው። መዓዛ ያለው ጢስም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። የወይራው ጢስ ጋኑን ከመበላሸት ሲጠብቅ፣ በውስጡ ያለው ረቂቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍሙ ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ምንም ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል። አፍንጫ የወደደውን ሁሉ ደረት አይወደውም።

የእናቷን መታመም በስልክ የሰማችው፣ በአዲስ አበባ የምትሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ጳጉሜን 4 ቀን ጎረቤላ ገባች። ከሻንጣዋም ሁለት ነገሮች አወጣች። አንደኛው በ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ የታሸገ የጦስኝ ዘይት ሲሆን፣ ሁለተኛው ውሃና ዘይቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚረጭ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነበር። «እማዬ፣ ከአሁን በኋላ ጢስ አያስፈልግሽም» አለች በደስታ። ውሃውን ሞላች፤ ዘይቱን አንቆረቆረችበት፤ እናቷ ሲያደርጉ እያየች እንዳደገችውም በርና መስኮቱን ዘጋች።

መጀመሪያ የባልቴቷ ፊት በራ። «ጦስኝ!» አሉ እንደ ልጅ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ዐይናቸው አለቀሰ፤ ጉሮሯቸው ተቃጠለ፤ ከጢሱ ጊዜ የባሰ ሳል አጣደፋቸው። እየተደገፉ ሄደው በሩን በረገዱት። ትንፋሻቸው ሲመለስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ስንት ጠብታ ጨመርሽበት?»

«አልቆጠርኩትም።»

«ሳይቆጠር የሚጨመር ነገር የለም፣ ልጄ።»

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ሰው አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃልና ለመረዳት አይቸግረውም። ቅጠሉ በእንፋሎት ይመታል፤ እንፋሎቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ዘይት ተሸክሞ በቱቦ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ዘይቱም ከውሃው ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። በጦስኝ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ተሐዋስያንን የመግደል ኃይል አላቸው፤ በዝተው ሲገኙ ግን ቆዳን፣ ዐይንንና ጉሮሮን ይቆጠቁጣሉ።

በዚያ ምሽት እናትና ልጅ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሒሳብ አሰቡ። ከ100 ግራም ደረቅ ጦስኝ የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዲቷን ብልቃጥ ለመሙላት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። ብልቃጧ 200 ያህል ጠብታ ትይዛለች፤ በመሆኑም አንዲት ጠብታ ከ2 ግራም በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 5 ግራም ድረስ ቅጠል ተጨምቆ የገባባት ናት። ባልቴቷ በሦስት ጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው ሻይ ላይ ጣል የሚያደርጉት ከዚህ ያነሰ ነው። ሒሳቡ ሲነገራቸው ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አንሥተው፣ «እንግዲያስ ይህች የስንት ሰው ሻይ ናት?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ዓይነቱን የዘይት አጠቃቀም የውጭው ዓለም አሮማቴራፒ ይለዋል። ቃሉ የተስፋፋው ረኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ የሽቶ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 በዚሁ ስም ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ ነው። ድርጊቱ ግን ከቃሉ እጅግ ይቀድማል፤ አደስን ደቁሶ በቅቤ ለውሶ ራሷን የምትቀባ የሸዋ ሴት የፈረንሳዩን መጽሐፍ አልጠበቀችም። ሽታ ወደ አንጎል ሲገባ ስሜትና ትዝታ ወደሚኖሩበት ክፍል በአቋራጭ ይደርሳል፤ አንድ የቄጤማ እቅፍ የሠላሳ ዓመት ዐውደ ዓመትን በቅጽበት የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም መልካም መዓዛ የተጨነቀን ልብ ሊያሳርፍ ይችላል። የደረትን በሽታ ያድናል ብሎ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪምንም አይተካም።

የተጨመቀው ዘይት አይጠጣም፤ ሳይበረዝ ቆዳ ላይ አይፈስም፤ ሕፃናት ወዳሉበት አይቀርብም። ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ደግሞ ባለሙያ ሳይጠይቅ ሊጠቀምበት አይገባም። ስሙ ራሱ ጤናን የተሸከመው ጤና አዳም እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ቡና ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ዘለላ ታስደስታለች፤ ጭማቂው ግን ቆዳ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል፤ በዝቶ ሲወሰድም ለፅንስ አደጋ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን በቁጥር አልጻፉትም። ልኩን በጣታቸው ጫፍ፣ በቅጠሉ ዘለላ፣ በፍሙ መጠን ያውቁት ነበር።

ታዲያ የባልቴቷ ጢስ እንዴት ልኩን ሳተ? መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ምድጃ ዳር እንደተቀመጡ ዐይናቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው ቆዩ። «እናቴ ስታጨስ ቤቱ ሣር ክዳን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በሩ ቢዘጋም ጢሱ በሣሩ እየሾለከ ይወጣል። ከሩቅ ሲያዩት ቤቱ ራሱ የሚተን ይመስል ነበር። ይሄ ቆርቆሮ ግን መተንፈሻ የለው። ቤቱን ለወጥነው፤ ጢሱን ሳንለውጥ ቀረን።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እርሷም ያደረገችው ከዚህ የተለየ አልነበረምና። ጢሱን ለወጠች፤ በሩን ግን እንደ ልማዱ ዘጋች። ሰው ከወላጆቹ ድርጊቱን ሲወርስ ልኩን ትቶት የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ልኩ ያለው በእጅ ብቻ ሳይሆን በጣሪያው፣ በግድግዳው፣ በዙሪያው ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ ነውና።

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ጦስኝ ለመልቀም ወደ አፋፉ ወጡ። ባልቴቷ በየጥቂቱ እያረፉ ነበር የሚራመዱት። ልጅቷ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ከተነጠፈው ጦስኝ ላይ አንዱን ጭብጥ ይዛ ስትጎትት፣ እናቷ እጇን ያዙ። «አትንቀይው! ጫፍ ጫፉን ቅጠፊ። ሥሩ የሚመጣው ዓመት ነው» አሏት። በኢትዮጵያ ደጋዎች የሚበቅሉት የጦስኝ ዝርያዎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ሀገራችን መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1878 በኖረው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር ስም ይጠራል። ይህ ዕፅ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ለገበያ ሲባል ከነሥሩ እየተነቀለ በተወሰደ ቁጥር አፈሩ ይራቆታል፤ በአፋፍ ላይ ደግሞ የተራቆተ አፈር ተጠርጎ ቆላ ይወርዳል። 1,000 ብልቃጥ ዘይት ከ500 ኪሎ እስከ አንድ ቶን ደረቅ ጦስኝ መፈለጉ ሲታሰብ፣ ይህ ሁሉ ከጋራው ላይ ይልቀም ማለት ጋራውን ባዶ አስቀርቶ ብልቃጥ መሙላት ነው። ማዋጣቱ ተዘርቶና ተኰትኵቶ ሲበቅል ነው። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማና የመድኃኒት ዕፅዋትን በእርሻ የማልማት ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል፤ ጦስኝም ከጋራ ወደ ጓሮ ቢወርድ ባለርስቱ ገበሬ የሚጠቀምበት ምርት በሆነ ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደረሰ። ጋኑ ዘንድሮ የታጠነው ደጅ፣ በረት አጠገብ፣ ነፋስ በሚወስድበት ቦታ ነበር። ባልቴቷ ከመድረኩ ላይ ተቀምጠው ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ልጃቸው ትሠራለች። ቤት ውስጥ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፤ አደሱና አሪቲው ተበተነ። ከቡናው በኋላ ባለመክደኛዋ ጀበና ተነሥታ፣ በምድጃው ትርፍ ሙቀት ላይ ጥቂት ጦስኝ የተነከረባት ድስት ተጣደች። እንፋሎቷ በዝግታ እየተነሣ በተከፈተው በር ይወጣ ጀመር። ዕጣኗም አልቀረችም፤ ከመስኮቱ ሥር አንዲት ፍሬ ብቻ ጤሰች። ባልቴቷ በዚያች ሌሊት አልፎ አልፎ አሳላቸው እንጂ እንደ ቀድሞው አልታፈኑም።

ልጆች ችቦ ይዘው ወዲያና ወዲህ በሚሉበት ሰዓት አንዲት ጎረቤት በደጅ ስታልፍ ቆም አለች። «እትዬ፣ ምነው ዘንድሮ በሩን ከፈቱት?» ብላ ጠየቀች።

«ሽታው ለእናንተም እንዲደርስ ነው» አሉ ባልቴቷ።

ልጅቷ ወደ አዲስ አበባ በተመለሰች ማግስት ብልቃጧ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነበረች። ከወገቧ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት አለች፤ በላይዋም በልጅቷ እጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ይነበባል፤ «2 ጠብታ ብቻ። በር ተከፍቶ።»