ሀና፣ ዱል፣ ሴት

ከቴኳንዶ ክለብ አጠገብ የሚኖር ሰው ወደደም ጠላም በኮሪያኛ እስከ አሥር መቁጠር ይለምዳል። «ሀና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት...» የሰፈሬ ልጆች በየምቱ ይህንኑ ሲጮኹ፣ ያላወቀ ሰው ሀና የምትባል ሴት የጠፋች ሊመስለው ይችላል።

እኔም በዚህችው ስንቅ ተማምኜ ነው ኮሪያኛ ልማር የተነሣሁት። «አንዮንግ ሃሴዮ» እና «ካምሳሃምኒዳ» አላስቸገሩኝም፤ ድራማ የሚያይ ሁሉ ይላቸዋል። ያጣላን ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ ለማለት «ሴ ሺ ሳምሺፕ ቡን» ይባላል። ሰዓቱ ላይ ያለው ሦስት ያው የልጆቹ «ሴት» ነው፣ ቲው ተውጦ። ደቂቃው ጋ ስንደርስ ግን ሦስት «ሳም» ሆኖ ቁጭ አለ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ዓይነት ሦስት! የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ዝም ብለህ ሸምድደው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሸምድድ በተባልኩት ነገር ቂም እይዛለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮሪያውያን ሁለት አቆጣጠር አላቸው፤ አንዱ ሀገር በቀሉ፣ ሌላው ከቻይና ጽሕፈት ጋር የገባው «ኢል፣ ኢ፣ ሳም፣ ሳ፣ ኦ» ነው። ንጉሥ ሴጆንግ የኮሪያን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1443 ፈጥረው በ1446 ካወጁ በኋላ እንኳ ቤተ መንግሥቱና ምሁሩ በቻይንኛ መጻፉን አልተዉም። እንግዳው ቁጥርም ባለቤቱን ገፋው። መቶ ድሮ «ኦን»፣ ሺህ ደግሞ «ጅምን» ይባሉ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ከአፍ ጠፍተው ሀገር በቀሉ ቆጠራ 99 ላይ ያበቃል።

ለሰዓቱ ጉዳይ ጀማሪ የሚነገረው ምክንያት «የቻይና ቃል ከቻይና ቁጥር ጋር ይሄዳል» የሚል ነው። ደቂቃ የሚባለው «ቡን» ከቻይንኛ የመጣ ስለሆነ ሳምሺፕን አስከተለ። ያምራል፤ ግን ሰዓት የሚባለው «ሺ»ም ከዚያው ከቻይንኛ የመጣ ነው! ታዲያ እሱ ምን በድሎ ነው «ሴ» የተሰጠው? ይህን ስጠይቅ መልሱ «ልማድ ነው» ሆነ። ልማድማ የሁሉም ነገር መልስ ነው። ደንቡን ያከበረ ያገኘሁት የኮሪያ ወታደር ብቻ ነው፤ በ24 ሰዓት ሲቆጥር 15 ሰዓትን በቻይንኛው «ሺቦ ሺ» ብሎ ይገላገላል።

የተሻለ ፍንጭ ያገኘሁት እዚያው ቴኳንዶ ቤት ነው። ልጆቹ ምት ሲቆጥሩ «ሀና፣ ዱል» ይላሉ። ፑምሴ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ቅንብር ሲሠሩ ግን «ተጉክ ኢል ጃንግ»፣ ቀጥሎ «ኢ ጃንግ» ነው፤ ጥቁር ቀበቶውም «ኢል ዳን» ይባላል። አንድ ሁለት እየተባለ የሚለቀም ነገር በሀገርኛው፣ ተራ፣ ማዕረግና ልኬት በቻይንኛው። ሰው፣ ብርጭቆና ዕድሜ በመጀመሪያው ይቆጠራሉ፤ ገንዘብ፣ ቀን፣ ፎቅና ስልክ በሁለተኛው። ሰዓትን ከሚለቀሙት ጋር የመደብኩት በደወል ምክንያት ነው። በድሮዋ ሴኡል የከተማው በር ማታ 28 ጊዜ ተደውሎ ይዘጋ፣ ሲነጋ 33 ጊዜ ተደውሎ ይከፈት ነበር። ጊዜ በጆሮ ይቆጠር ነበር ማለት ነው፤ ደቂቃን ግን ማንም ደውሎት አያውቅም። ይህ የራሴ ግምት ነው፤ ከ«ልማድ ነው» ግን ይሻላል።

ደግሞ እኛስ ማን ሆነን ነው የምንደነቀው? ፊደል ስንቆጥር ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እንላለን እንጂ «ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብሎ ሀሁ ያስቆጠረ የኔታ አላውቅም። ዳግማዊ ምኒልክንም «ሁለተኛው ምኒልክ» ብሎ የሚጠራ ቢኖር ከጋዜጣ የተረጎመ ነው የሚመስለው። እኛም ለማዕረጉ የሊቃውንቱን፣ ለገበያው የቤታችንን ቁጥር እናወጣለን።

እንግዲህ የሚጀምር ሰው ለሰዓት ሀገርኛውን እስከ 12፣ ለደቂቃ ቻይንኛውን እስከ 59 ይያዝ። ከዚያ በኋላ ለኢትዮጵያዊ የቀረ ስሌት የለም። ሴኡል ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ እኛ በራሳችን አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስንል እነሱም ከቀኑ «ሴ ሺ» ላይ ናቸው።