የአባት ምርቃት በሀርጌሳ አየር ማረፊያ

ለመንግሥት ሥራ ወደ ሀርጌሳ መጥተን፥ ጉዳያችንን ፈጽመን፥ በአየር ማረፊያው የመንገደኞች አዳራሽ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደንን አውሮፕላን ስንጠባበቅ እኅታችን ስልክ ደወለች። «ካህናቱ ጸሎተ ቀንዲል አድርሰውላቸዋል፤ ሥጋ ወደሙም ተቀብለዋል። አሁን ልጆቼን ሁሉ በአንድነት ልስማ ይላሉ፤ ከስልኩ እንዳትርቅ» አለችን።

አባታችን የሚኖሩት ከአዲግራት ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። ከሀርጌሳ እስከ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባም እስከ መቀሌ በአየር፥ ከዚያ በመኪና፥ በመጨረሻም በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ቢፈጥን ሁለት ቀን ነው። የአባታችን ዕድሜ ሁለት ቀን እንደማይጠብቀን ከእኅታችን ድምፅ ተረዳን።

እንደ እኛ አማርኛን ከእናት ጡት ሳይሆን ከመምህር ሰሌዳ ለተቀበሉ ክቡራን አንባብያን ሁለት ቃላት መለየት ይገባል። ሰው ኀጢአቱን ለንስሐ አባቱ ሲናገር «ተናዘዘ» ይባላል፤ ሀብቱን ለወራሾቹ ሲያከፋፍልም እንዲሁ «ተናዘዘ» ይባላል። «ምርቃት» ግን ሌላ ነው። ነጋዴ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ጨምሮ የሚሰጠው እፍኝ «ምራቂ» መባሉን ስንሰማ፥ የሽማግሌም ምርቃት እንዲህ ያለ፥ ከድርሻ በላይ የሚሰጥ ነገር ይመስለናል። (ጫት ቃሚዎች «ምርቃና» የሚሉትን ለዚህች ከተማ ሰዎች ትተን እናልፋለን።) የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው በ2 ምስክሮች ፊት በቃሉ መናዘዝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ በዚህ ዓይነት ኑዛዜ የሚተላለፈው ስጦታ ግን እያንዳንዱ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለ ምርቃት ሕጉ አንድ ቃል አይናገርም። በመዝገብ ቤት ሥራችን ብዙ የውርስ ክርክር አይተናል፤ ምርቃት ቀረብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው ግን አላየንም።

እኛ ግን በዚያች ሰዓት የፈራነው ይህንኑ ነበር። ምክንያቱን መናገር ያሳፍራል። በትግርኛ ታላቅ ወንድም «ኣያ» ይባላል። ኣያ የአባታችንን ባሕር ዛፍ ሳያማክረን ሸጠ ብለን ተቆጥተን፥ ቁጥርና ቀን ያለበት፥ ለመሥሪያ ቤት እንደሚጻፍ ያለ ደረቅ ደብዳቤ ልከንበት ነበር። ገንዘቡ ለአባታችን መድኃኒት እንደ ዋለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማን፤ ከሰማንም በኋላ እፍረት አፋችንን ያዘው። ሦስት ዓመት ሳንነጋገር ቆየን።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ፊታችንን አይተው ኖሮ «ልጄ፥ ምን ሆነሃል?» ብለው በአማርኛ ጠየቁን። አማርኛውን የለመዱት በስደት ነው። በ1980 ዓ.ም. አውሮፕላኖች ከዚሁ ማረፊያ እየተነሡ ይህችኑ ከተማ ሲደበድቡ፥ እሳቸው ከአባታቸው ጋር በእግር ወደ ሐርትሼክ ሸሹ። አባታቸው መንገድ ላይ ዐረፉ። የሚሞት ሰው የመጨረሻ ቃል በሶማሊኛ «ዳርዳራን» ይባላል አሉን። የአባታቸው ዳርዳራን አንድ ዕዳ ነበር፤ ለአንድ ጎረቤት የሁለት ፍየል ዋጋ እንዲከፈል። ጎረቤቱን ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀባቸው፤ ከፈሉም።

የአየር ማረፊያው ስም የተወሰደላቸው መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል፥ የሶማሌላንድ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1994 ዓ.ም. በሕክምና ላይ ሳሉ በፕሪቶሪያ ዐርፈው፥ እንደ ፈቃዳቸው በበርበራ ከአባታቸው አጠገብ መቀበራቸውን የነገሩንም እኒሁ ሽማግሌ ናቸው። እኛም ያዕቆብ በግብፅ ሲሞት ከአባቶቹ ጋር ቅበሩኝ ማለቱን አነሣን። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። በቁርኣን ያዕቆብ በሞቱ ጊዜ ልጆቹን ከእሱ በኋላ ማንን እንደሚያመልኩ መጠየቁን ነገሩን። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ደግሞ ለዮሴፍ ልጆች እጆቹን አጠላልፎ፥ ታናሹን ከታላቁ አስቀድሞ መባረኩን ነው።

ስልኩ እንደ ገና ጮኸ። የአባታችን ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። አስቀድመው የመረቁት ታላቁን አይደለም፤ ያስታመመቻቸውን እኅታችንን ነው። ከዚያም ኣያንና እኛን በስም ጠሩና «ሁለታችሁን ለየብቻ አልመርቅም፤ አሜን ስትሉ በአንድ አፍ ልስማ» አሉ።

በዚህ መካከል ወደ አውሮፕላኑ ግቡ የሚል ማስታወቂያ ተነገረ። ሰዉ ተሰለፈ። እኛ ከወንበራችን መነሣት አቃተን። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይናገሩ ሻንጣችንን አንሥተው ተሰለፉልን።

«ኣያ፥ ያ ደብዳቤ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ» አልን።

ኣያ ብዙ ዝም አለ። «ደብዳቤህን ያነበበልኝ የጎረቤት ልጅ ነበር» አለ። በሰው ልጅ አፍ፥ በሰው ፊት መነበቡን እስከዚያች ቀን አላሰብነውም። ቆይቶም «እግዚአብሔር ለሁላችንም ይቅር ይበለን» አለ።

አባታችን ቀጠሉ። «ልጄ፥ ትጸልያለህን?» አሉን። እኛን ወደ ሚስዮን ሲልኩ ዘመድ ሁሉ ሃይማኖቱን ያስለውጡታል ብሎ ሲከራከራቸው፥ «ፊደሉን ይማር፤ ልቡን ለአምላክ ሰጥቻለሁ» ብለው ያሰናበቱን እሳቸው ናቸው። ይህንን ጥያቄ ግን እስከዚያች ሰዓት ጠይቀውን አያውቁም። እንጸልያለን ብለን መለስን። «እንግዲያስ የክርስትና ስሜን ያዝ፤ በጸሎት የምጠራው በእሱ ነው» ብለው ነገሩን። የአባታችንን የክርስትና ስም የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ከሌላ ወረቀት በማጣት በመሳፈሪያው ወረቀት ጀርባ ጻፍነው።

ከዚያም መረቁን። «እጃችሁ የዘራው ይብቀል፤ የተናገራችሁት ይታመን፤ አንዳችሁ ሲወድቅ አንዳችሁ ያንሣ፤ የማታ እንጀራ ይስጣችሁ።» ኣያ ከአዲግራት ገጠር፥ እኛም ከሀርጌሳ በአንድ አፍ አሜን አልን። ወደ ሰልፉ ስናይ ሽማግሌው ሻንጣችንን እግራቸው ሥር አኑረው መዳፎቻቸውን ዘርግተው ነበር። «አሚን» አሉ።

አባታችን ያን ሌሊት ዐረፉ፤ ለቀብራቸውም አልደረስንም። በሁለተኛው ቀን አዲግራት መናኸሪያ ስንወርድ ኣያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሻንጣችንን ከእጃችን ተቀብሎ ፊት ፊት ሄደ።