ከመሰረዙ በፊት

ፔጆ 404 በድሬዳዋ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል። በ1960 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረው ይህ መኪና ሞተሩን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የለውም፤ ቁልፉም ብረት ብቻ ነው። ስለ ጠባዩ የሚያስፈልገው ዕውቀት በመካኒኩ እጅና ጆሮ ይኖር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ መኪኖች ግን ከፊሉን ዕውቀት በማኅደረ ትውስታቸው ይዘው ይዞራሉ። የቁልፉ መለያ በዚያ ካልተመዘገበ ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ በቀፊራ ገበያ ዙሪያ የሚሠራ ጠጋኝ ከመፍቻው ጎን የመኪና ፕሮግራመር ያስፈልገዋል።

ፕሮግራመሩ ራሱ ማኅደረ ትውስታ ያለው ኮምፒውተር ነው፤ ሊሰረዝም ይችላል። ሶፍትዌሩ በሚታደስበት ሰዓት መብራት ሊጠፋ ይችላል። በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ደግሞ የንባብ መከላከያውን ለማንሣት የሚሰጠው ትእዛዝ ይዘቱን ሁሉ አብሮ ያጠፋል። ሊያነብ የተነሣው ሰው ባዶ ቺፕ ይዞ ይቀራል።

በኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው አድራሻው ነው፤ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ስለሚቆይ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። በእነዚህ ቺፖች ያለው ነገር ይለያል። መረጃው የሚቀመጠው ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ በ1967 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ባቀረቡት መርህ፣ በመከላከያ ንጣፍ በተከበበች ጠባብ ክፍል ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ሲሰረዝ ሙሉ ይለቀቃል፤ እያንዳንዱ ባይት «ኤፍኤፍ» ተብሎ ይነበባል። ተቆፍሮ የሚወጣ ቅሪት የለም። እንግዲህ «መመለስ» የሚባለው በእውነቱ እንደገና መጻፍ ነው።

የሚጻፈውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለአንድ ሞዴል መሣሪያዎች ሁሉ የጋራ የሆነው ፕሮግራም ነው፤ ከአምራቹ ወይም ተመሳሳይ ስሪት ካለው መሣሪያ ሊገኝ ይችላል። ጠጋኙ መሣሪያውን ከፍቶ የቺፑን ስም ያነብባል፤ በሌላ ፕሮግራመር ይጽፍበታል፤ ከዚያም መልሶ አንብቦ ከምንጩ ጋር ያመሳክራል። ሁለተኛው የዚያ መሣሪያ ብቻ የሆነው መለያ ቁጥር፣ የመለኪያ ማስተካከያና የምስጢር ቁልፍ ነው። ይህን ከሌላ መሣሪያ መገልበጥ የሰው መታወቂያ እንደ መያዝ ነው። መሣሪያው ቢበራም ልኩ ሊሳሳት፣ የአምራቹ ሰርቨርም ሊዘጋበት ይችላል። ይህኛው ክፍል የሚገኘው አምራቹ ካስቀመጠው መዝገብ ወይም አስቀድሞ ከተወሰደ ቅጂ ነው።

ቅጂ መውሰድ ከባድ ሥራ አይደለም። በብዙ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው 93ሲ46 የተባለ ቺፕ የሚይዘው 128 ባይት ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ይነበባል። ይህን ሳያደርጉ መጻፍ መጀመር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል። የቅጂው ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ባጠፋባት ከተማ፣ ከመሣሪያው ጋር በአንድ መደርደሪያ ያደረ ቅጂ ዋስትና አይሆንም። አንዱ በቀፊራ ቢቀመጥ ሌላው ከወንዙ ማዶ በከዚራ ይሁን።

ይሁን እንጂ የዳነው ቅጂ አዲስ ሥጋት ይወልዳል። ባለታክሲው ቁልፉ ቢጠፋበት ሌላ የሚቀረጽለት በዚያ መረጃ ነው፤ መኪናውን ሊሰርቅ የሚፈልግ ሰውም የሚሻው ያንኑ ነው። ጠጋኙ ሳያስበው የብዙ መኪኖች ቁልፍ ያዥ ሆኗል። በኤሌክትሮኒክስና በሕግ ትምህርት ክፍሎች ያሉ ተመራማሪዎች በጋራ ሊያጠኑት የሚገባው ይህ ነው፦ ቅጂው በማን እጅ፣ ለስንት ጊዜ ይቀመጥ? መኪናው ሲሸጥስ ለማን ይተላለፍ?