ለዴዴሳ አቀበት የሚበቃ ቱቦ

ጥር 6 ቀን 2017፣ ነቀምቴ

ከጊምቢ ቡና የሚያመላልሱት ደንበኛችን ዛሬ ሃይሉክሳቸውን ጋራዥ አስገቡ። ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ ተጋድሞ ከኮፈኑ አፍ የሚገባውን ነፋስ ይጠብቃል። ጀንፈል ጭነው ከዴዴሳ ሸለቆ ወደ ዲጋ ሲወጡ መኪናው ጉልበት ያጥረዋል፣ ጭሱም ይጠቁራል። «ኢንተርኩለሩን ከራዲያተሩ ፊት አድርጉልኝ፤ ቱቦውን ደግሞ 76 ሚሊ ሜትር። ሰፊው ነው የሚያስተነፍሰው ብለውኛል» አሉ።

ኢንተርኩለሩ ወደ ፊት መውጣቱን ወደድኩት። አቀበት ላይ በዝግታ በሚሄድ መኪና በኮፈኑ አፍ የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው፤ ሞተሩም ከሥር ያግለዋል። ከራዲያተሩ ፊት ግን ማራገቢያው ነፋስ ይስብለታል። 76ቱ ግን አልተዋጠልኝም። «ጋሼ፣ ላስላውና ነገ ልንገርዎት» አልኳቸው።

ማታ

ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ይሞላል። ይህ ሞተር በደቂቃ 3,400 ዙር ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ 90 በመቶ ይሞላሉ ብንል፣ በሰከንድ 76 ሊትር ገደማ የታመቀ አየር ይወስዳል። አየሩ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 39 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በ63 ሚሊ ሜትር 24 ሜትር፣ በ76 ደግሞ 17 ሜትር። ባለሙያዎች እንዳይታለፍ የሚመክሩት የድምፅን ፍጥነት አራት አሥረኛ ነው፤ በሰከንድ 140 ሜትር ገደማ። ሦስቱም ቱቦዎች ከዚያ በጣም ርቀው ይገኛሉ።

ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ባለ 50 ቱቦ ከቱርቦው ግፊት የሚበላው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። ወደ 63 ቢሰፋ ይህችው ኪሳራ ወደ ሲሶ ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ነገር ስለሌለ 76 ምን ሊያተርፍ ነው? ይልቁንም ባለ 50ው 4 ሊትር ያህል አየር ሲይዝ ባለ 76ቱ 9 ሊትር ይይዛል። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ቱርቦው ያንን ሁሉ መልሶ መሙላት አለበት። መዘግየቱ ትንሽ ነው፣ ግን ከዴዴሳ እስከ ነቀምቴ ማርሽ ስንቴ ይቀየራል!

ጥር 8

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጥሩ ጥያቄ አመጣ። «እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እና ቱቦው መስፋት የለበትም?»

ነቀምቴ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ነው። ነገር ግን ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት በርትቶ ይሽከረከራል፤ ከታመቀ በኋላ በቱቦው የሚያልፈው መጠን ያው ነው። የሚለወጠው ሙቀቱ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 2 ባር ሲታመቅ 115 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ፣ እዚህ ወደዚያው ግፊት ሲደርስ በስሌቴ ከ150 ያልፋል። ስለዚህ የወለጋ ዳገት የሚጠይቀው ሰፊ ቱቦ ሳይሆን የተሻለ ኢንተርኩለር ነው። ለደንበኛችንም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ለቱቦ ሊያወጡት የነበረውን ወፈር ላለ ኢንተርኩለር እንዲያደርጉት ተስማማን። ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ 50፣ ከኢንተርኩለሩ እስከ ሞተሩ 63።

ጥር 13

ጥምቀት አልፎ ሱቆች ተከፈቱ፤ ቱቦ ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «2 ኢንች» የሚባለው የውሃ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጭስ ማውጫ ቱቦ ግን 2 ኢንች ሲባል የውጩ ልክ ነው፣ 51 ሚሊ ሜትር ገደማ። የጎማው ቱቦ የሚጠለቀው በውጩ ላይ፣ አየሩ የሚሄደው በውስጡ፤ ሁለቱም መለካት አለባቸው። ዚንክ የተቀባውን የውሃ ቧንቧ ጨርሶ አልፈልገውም። ሲበየድ ጭሱ በያጁን ያሳምማል፤ የሚቀረፈውም ዚንክ ሞተር ውስጥ ይገባል። የአየር ማጣሪያው ከቱርቦው በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወደቀውን ቅርፊት የሚያስቀር ምንም የለም።

በያጁ ቱቦውን በሰያፍ ቆርጦ እንደ ክርን ሊገጥመው ነበር። ለመናነው፣ በሰፊው ታጠፈልን። ብየዳው ካለቀ በኋላ ውስጡን በሽቦ ብሩሽ ፈተግን፣ በናፍጣ አጠብን፣ በኮምፕረሰር ነፋን፣ እንደገና አጠብን። የቱቦውን ጫፍ ዙሪያ ከበብ አድርጎ አሳበጠው፤ ያ እብጠት ባይኖር ጎማው በግፊት ሾልኮ ይወጣል።

ጥር 16

ጫፎቹን ደፍነን አየር ሞላንና የሳሙና ውሃ ቀባን። አንድ መጋጠሚያ ላይ አረፋ ወጣ፤ ማጥበቂያው ተለወጠ። እንዲህ ያለች ቀዳዳ ከየትኛውም የስፋት ስህተት ይልቅ ጉልበት ትሰርቃለች፤ ሞተሩ በለካው አየር ልክ ናፍጣ ይረጫል፣ አየሩ መንገድ ላይ ያመልጣል፣ ጭሱም ይጠቁራል።

ከሰዓት በኋላ ጭነት ይዘን ዴዴሳ ድልድይ ድረስ ወረድን፤ ከ1,400 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ስንመለስ ደንበኛችን ራሳቸው ነዱ። ሁለተኛ ማርሽ ይፈልግ የነበረውን ዳገት በሦስተኛ ወጡት፤ ጭሱም ቀለለ። የጎማ መጋጠሚያዎቹ ሲግሉ ስለሚላሉ ዘይት በቀየሩ ቁጥር እንድናጠብቃቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ ኢንተርኩለሩ ፊት የሚለጠፈውን ገለባና ጭቃም በዝግታ በሚፈስ ውሃ እንዲያጥቡት፣ ክንፎቹ እንዳይታጠፉ።