ሌሊት ግድግዳ የሚደበድበው ማነው?

ሦስት ሆነን የተከራየናት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ይህን ለምደነዋል። ያልለመድነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከግድግዳው ውስጥ የሚነሣውን «ድድድድድ» የሚል ድምፅ ነበር። ወፍጮ ቤት የተኛን እስኪመስለን ድረስ አልጋችን ይንቀጠቀጣል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብንም፤ ከላያችን ያለው ሰውዬ ነው አልን። ወጥተንም ነገርነው። በሦስተኛው ቀን ግን የእኛ በር ተንኳኳ፤ አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ሌሊት ሌሊት ምን እየወቀጣችሁ ነው? ደም ግፊቴን ልትጨርሱት ነው?»

እኛ አይደለንም ብለን ማልን። እሳቸውም ያመኑን አልመሰለንም።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። የመጣው ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ ውሃ የለም። ግድግዳውን መታ መታ አደረገና «መስመሩ በሙሉ መቀየር አለበት» ብሎ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ዋጋ ጠራ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? አንድ ሌሊት ሳንተኛ ሥሩን ራሳችን ልንፈልግ ወሰንን።

ከዚያ በፊት ትንሽ አነበብን፣ ትንሽም ጠያየቅን። የተማርነው ዋናው ነገር፣ ድምፅ በቱቦ ውስጥ ርቆ ስለሚሄድ ጆሮ «ከየት» የሚለውን ይሳሳታል። መጠየቅ ያለበት «መቼ» የሚለው ነው።

ቧንቧ ሲዘጋ አንድ ጊዜ «ጓ!» ካለ፣ እየሮጠ የነበረው ውሃ በድንገት ቆሞ ቱቦውን መምታቱ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ይህንን በሞስኮ የውሃ መስመር ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1898 አሳትሟል። በብረት ቱቦ ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በቅጽበት ቢቆም ግፊቱ ከ10 ባር በላይ ይዘላል። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር አካባቢ መሆኑን አስቡት! መድኃኒቱ ቧንቧን ቀስ ብሎ መዝጋትና የላላውን ቱቦ በፋሼታ ከግድግዳው ጋር ማሰር ነው።

ውሃ እንደመጣ እየተፋ የሚያስል ከሆነ ደግሞ አየር ነው። ቧንቧውን በጥቂቱ ከፍቶ ፍሰቱ እስኪስተካከል መጠበቅ ይበቃል። አንድ ቧንቧ ብቻ ግማሽ ሲከፈት የሚያፏጭ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ውስጡ ያለችው ጎሚኒ አልቃለች ወይም ላልታለች። እሷን መቀየር ነው።

የእኛ ግን ከሦስቱም አልነበረም። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ይጀምራል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በራሱ ይተዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ውሃው መጣ። ድምፁ ሲነሣ በሞባይል መብራት ከክፍል ክፍል ዞርን። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ያቆምናትን ሮቶ ክዳን ከፈትን። ውሃው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ውሃውን የምትዘጋው የጋሌጃንቱ ኳስ በማዕበሉ ላይ እንደ እስክስታ መቺ ትንቀጠቀጣለች። ኳሷን በእጃችን ከፍ አድርገን ያዝናት። ቤቱ ጸጥ አለ። ለቀቅናት፤ «ድድድድድ»። ደግመን ያዝናት፤ ጸጥ።

እርስ በርስ ተያየን። ለካ ወቃጮቹ እኛው ነበርን!

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሮቶዋ ልትሞላ ስትል የሚገባው ውሃ ማዕበል ይሠራል፤ ኳሷ ከፍ ዝቅ ስትል ቀዳዳው በፍጥነት ይዘጋል፣ ይከፈታል። እያንዳንዱ መዘጋት ትንሽ መዶሻ ነው። ሌሊት ደግሞ ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ግፊቱ ከፍ ይላል። ዝም ቢባል መንቀጥቀጡ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያዎቹን ያላላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ጫጫታ ብቻ ሳይሆን የእትዬን ኮርኒስ ማርጠብ ይሆናል።

ለዚያ ሌሊት ሳራቺኔስካውን ግማሽ ዘጋነው፤ ውሃው ሲዘገይ ድምፁም ቀነሰ። በማግሥቱ ያረጀውን ጋሌጃንት በአዲስ ቀየርን፣ ላልቶ የነበረውንም ቱቦ በሁለት ፋሼታ አሰርን። ወጪው ቧንቧ ሠራተኛው ከጠራው ጋር አይወዳደርም።

የቀረው ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ከላይ ያለው ሰውዬ ሳቀና «እኔ ደግሞ ከእኔ በላይ ያሉትን ስወቅስ ከርሜ ሰላምታ እንኳ አቁመናል» አለን። ያን ቀን ደረጃውን ሲወጣ አየነው።

እትዬ ጋ ስንወርድ ግን ያልጠበቅነው ወቀሳ ገጠመን።

«ድምፁስ ቀረ፤ ግን ውሃ መምጣቱን የማውቀው በእሱ ነበር። ትናንት ተኝቼ አመለጠኝ፤ ባልዲዎቼ ሁሉ ባዶ ናቸው።»

ሁለቱን ጄሪካኖቻቸውን ከሮቶዋ ሞላንላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ሲመጣ ከእኛ የነቃው ይደውልላቸዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በስልክ፣ ቀስ ብለን።