ጥሩ ኑሮ የሁሉም ሲሆን

ጣሊያንን ጎብኝቶ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ኮሎሲየም፣ ስለ ቬኒስ ጀልባና ስለ ሚላን ፋሽን ነው። እኔን አገሩን ያስወደደኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ጥሩ ነገር ለባለጸጋ ብቻ ተለይቶ አልተቀመጠም። ከቡናው፣ ከማዕዱ፣ ከእረፍቱ ሁሉ ተራው ሰው ድርሻ አለው። ይህም እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ በደንብና በልማድ የቆመ ነው።

ከቦሎኛ ልጀምር። የመሀል ከተማው መንገዶች ግራና ቀኛቸው በዓምድ በቆሙ በረንዳዎች የተሸፈኑ ናቸው። በከተማው ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በመካከለኛው ዘመን ዩኒቨርሲቲው ተማሪ እየሳበ ከተማው ሲጠብ፣ ሰዉ ፎቁን ወደ መንገዱ እያስወጣ መሥራት ጀመረ። ከተማው አልከለከለም። ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1288 አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ከሥሩ በረንዳ እንዲያበጅ፣ ከፍታውም በፈረስ የተቀመጠን ሰው እንዲያሳልፍ ደነገገ። ይዞታውም ጥገናውም የቤቱ ባለቤት፣ መተላለፊያው ግን የሕዝብ ሆነ። ዛሬም ዝናብ ቢጥል፣ ፀሐይ ቢበረታ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ገበያቸውን ጨርሰው ሳይረጥቡ ቤታቸው ይገባሉ። ዩኔስኮ እነዚህን በረንዳዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ቡናውም እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች ቡናቸውን በአብዛኛው የሚጠጡት ቆመው፣ ባንኮኒ ተደግፈው ነው። ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምርበታል፤ ለቆመው ግን አንድ ኤስፕሬሶ ከአንድ ዩሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛውና ጠበቃው ጎን ለጎን ቆመው፣ ከአንድ ማሽን የወረደ ቡና ሲጠጡ ታያላችሁ። ፒያሳ ላይ ቆሞ ማኪያቶ የጠጣ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ወግ አይጠፋውም።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ የቦሎኛ ስጎ እኛ ቤት ከምናውቀው ይለያል። ሥጋው ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከሰለሪ ጋር ተቁላልቶ፣ በትንሽ ቲማቲም፣ በለስላሳ እሳት ለሰዓታት ይበስላል። የሚቀርበውም በስፓጌቲ ሳይሆን ታሊያቴሌ በሚባል፣ በእንቁላል በተለወሰ ጠፍጣፋ ፓስታ ነው። የከተማው ንግድ ምክር ቤት የታሊያቴሌው ስፋት ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1972 በመዝገብ አስፍሯል። ላዩ ላይ የሚፈቀፈቀው ፓርሚጃኖ ደግሞ ለአንዱ ክብ አይብ ብቻ 550 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል፤ ቢያንስ 12 ወር ሳይቆይም በዚያ ስም አይሸጥም። የአይቡ ስም በሕግ ስለተጠበቀ የፓርማና የአካባቢዋ ገበሬ ልፋቱን ሌላ አይወስድበትም። እንዲህ የሚጠነቀቁለት የቤተ መንግሥት ግብር ሳይሆን ቤተሰብ እሑድ ቀን ተሰብስቦ የሚበላው ምሳ መሆኑ ነው ደስ የሚለኝ።

እረፍትን ደግሞ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገብተውታል። አንቀጽ 36 ሠራተኛ የሳምንት እረፍትና ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ መብቱ ነው ይላል፤ ሠራተኛው ራሱ እንኳ ይህን መብት ሊተወው አይችልም። በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 15 በሚውለው የፌራጎስቶ በዓል ሰሞን ብዙ ሱቅ ተዘግቶ ሰዉ ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ይሄዳል። በአዘቦቱ ቀንም ሲመሽ ልጅ አዋቂው ለባብሶ አደባባይ ይወጣል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አያወጣም።

ለእኛ ጣሊያን እንደ ሌላው አገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ወታደሮቻቸው የተሰየመ ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈር እንጀራ ይበላል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ የአክሱም ሐውልት ገና እዚያው ቆሞ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የየካቲት 12ን ግፍ አልረሳም። ሳልረሳም የሕዝቡን ማዕድ አከብራለሁ።

ደግሞም ያ ጥሩ ኑሮ ለሁሉም አልደረሰም። በደቡብ ጣሊያን፣ በፑሊያ ማሳዎች ከአፍሪካ የሄዱ ወጣቶች በደላላ እየተመዘበሩ፣ በጠራራ ፀሐይ ቲማቲም ይለቅማሉ። ይህን ብዝበዛ የሚቀጣ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ቢወጣም በደሉ አልቆመም። ማዕዱ ሙሉ የሚሆነው ለቃሚውም ተገቢውን ሲያገኝ ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ወዳጆቼ፣ በአንድ ሳምንት አምስት ከተማ ለማዳረስ አትሩጡ። አንዱን ያዙና ያ ከተማ የሚበላውን ብሉ፣ ሰዉ በሚወጣበት ሰዓት ውጡ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ካጋጠማችሁ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ይከፈታሉ።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሕንፃ የምታስገነቡ፣ ለእግረኛው መጠለያ አስቡለት። ሠራተኛ የምታስተዳድሩ፣ የዓመት ፈቃዱን አታስቀሩበት። ጥሩ ኑሮ አገር እስኪበለጽግ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ቦሎኛ ያንን የበረንዳ ደንብ ያወጣችው መብራትም ባቡርም ባልነበረበት ዘመን ነው።